በናጋሳኪ ደሴቶች የስውር ክርስቲያኖችን የቃል ታሪክ መቅዳት፦ ከዝግጅት እስከ ግልባጭ

የጃፓን ስውር ክርስቲያኖች የሚባሉት ክርስትና በታገደበት ዘመን እምነታቸውን ደብቀው ያቆዩ ሰዎችና ዘሮቻቸው ናቸው። ወደሚኖሩባቸው የናጋሳኪ ደሴቶች መቅጃ ይዞ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው የስደቱን ዘመን ወሬ ነው። ስደቱን ግን ሰነድ ይዞታል፤ ክርስትናን የከለከለው የ1614ቱ እገዳ፣ የ1637–38ቱ የሺማባራ አመፅ፣ የየአውራጃው የእስር መዝገብ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ያልተጻፈው ሌላ ነው። ጸሎቱን ማን ለማን አስጠና? ምስሉ በየትኛው ጓዳ ተሰቅሎ ነበር? ለበዓሉ ምን ዓሣ ተቆረጠ? ማኅበሩ ሲበተን ዕቃው የት ገባ? ይህን የሚያውቁ ሽማግሌዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ ለዚህኛው ሥራ የተዘጋጀ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ደሴቱን ይምረጡ፣ ወገኑን ይለዩ

ኢየሱሳዊው ሰባኪ ፍራንሲስ ዣቪየር በ1549 ካጎሺማ ደረሰ፤ በዓመቱ ሂራዶ ላይ ሰበከ። እገዳው ከወጣና የመጨረሻው ቄስ ኮኒሺ ማንሾ በ1644 ከተገደለ በኋላ ጥምቀቱንም ጸሎቱንም ከ200 ዓመት በላይ ያቆዩት ገበሬዎችና ዓሣ አጥማጆች ናቸው። (ጃፓን በሯን በዘጋችበት በዚያው በ1630ዎቹ አፄ ፋሲልም ኢየሱሳውያንን ከኢትዮጵያ አስወጥተዋል፤ የኢየሱሳውያን ታሪክ ለእኛ አንባቢ ባዳ አይደለም።) በ1865 የኡራካሚ መንደር ስውር ክርስቲያኖች በናጋሳኪ ኦውራ ቤተ ክርስቲያን ለፈረንሳዊው ቄስ ፔቲዣን ራሳቸውን ገለጡ። እገዳው የተነሣው ግን በ1873 ነው።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ተከፈለ። ገሚሱ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተመለሰ፤ ገሚሱ አባቶቹ ባቆዩለት ሥርዓት ጸና። አጥኚዎች በእገዳው ዘመን የነበሩትን ሰንፑኩ ኪሪሺታን፣ ከ1873 በኋላ ያልተመለሱትን ካኩሬ ኪሪሺታን ይሏቸዋል። ይህ የመጽሐፍ አጠራር ነው፤ ቤተሰቡ ራሱን የሚጠራበት ሌላ ስም ሊኖረው ስለሚችል ጠይቀው በዚያው ይጥሯቸው።

አንዱን ደሴት አይቶ ስለ ሌላው መናገር በዚህ መስክ በብዛት የሚታየው ስሕተት ነው። ሥርዓቱ ቢያንስ በሁለት ትልልቅ ወገን ይለያል።

ኢኪትሱኪና ሂራዶ (ሁለት ጎረቤት ደሴቶች)፦ እዚህ ማኅበሩ የቆመው ቅዱሱን ዕቃ በያዘው ቤት ዙሪያ ነው። ዕቃው ጎዘንሳማ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ የተጠቀለለ ሥዕል ነው፤ ሰዎቹ ኪሞኖ ለብሰው፣ መጥምቁ ዮሐንስ ፀጉሩን እንደ ጃፓን ባላባት አናቱ ላይ ቋጥሮ ይታያል። ሥዕሉ ናንዶ በሚባለው ጓዳ ስለሚቀመጥ ናንዶጋሚ፣ ማለትም የጓዳ አምላክ፣ ተብሏል። ዕቃውን የሚጠብቀው አባወራ ኦያጂያኩ፣ አጥማቂው ኦጂያኩ ይባላል። ከሥራቸው ኮምፓንያ የሚባሉ አነስተኛ ቡድኖች ነበሩ፤ ቃሉ ፖርቱጋልኛ ነው። ጸሎቱ ኦራሾ ሲሆን ድምፅ ወጥቶ ይደገማል።

ሶቶሜ (የባሕር ዳርቻ አገር) እና ጎቶ (የደሴቶች ሰንሰለት)፦ እዚህ ማኅበሩን የሚያስተሳስረው ምስሉ ሳይሆን የቀን መቁጠሪያው ነው። ባስቲያን በሚባል ሰባኪ ስም የሚጠራውንና ከ1634 የተወረሰውን የበዓላት መቁጠሪያ የሚይዘው ቾካታ፣ የሚያጠምቀው ሚዙካታ፣ መልእክት የሚያደርሰው ኪኪያኩ ይባላል። ጸሎቱ በለሆሳስ ወይም በልብ ነው። የጎቶዎቹ ከሶቶሜ የመጡ ናቸው፤ የሁለቱ አገር ገዢዎች ተስማምተው በ1797 መጀመሪያ 108 ሰዎች ተሻገሩ፣ በኋላ ቁጥሩ ወደ 3,000 ደረሰ። ጥሩውን መሬት ነባሮቹ ይዘውት ስለነበር ለመጤዎቹ የተረፈው ዳገትና ጠባብ ወሽመጥ ነው። በነባሮቹ (ጂጌ) እና በመጤዎቹ (ኢትሱኪ) መካከል የነበረው ልዩነት በጋብቻና በዓሣ ማጥመጃ መብት ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ይሰማ ነበር። ይህን ሳያውቁ ጎቶ ላይ አንድም ጥያቄ አይጠይቁ።

አማኩሳ ሌላ ነው። በ1805 ከ5,000 በላይ ሰዎች ተይዘው በምሕረት የተለቀቁበት አገር ነው፤ የሳኪትሱ መንደር ታሪክ ለብቻው መጠናት አለበት።

2. ከመሄድዎ በፊት የተቀዳውን ያዳምጡ

ከዚህ በፊት የተቀዳውን ሳያዳምጡ መሄድ ሽማግሌን በከንቱ ማድከም ነው። የኢኪትሱኪን ሥርዓት የሚመለከት ዕቃና ቀረጻ ያለበት ዋናው ቦታ በደሴቱ ላይ የሚገኘው የሂራዶ ከተማ ቤተ መዘክር፣ ሺማ ኖ ያካታ ነው። ለጎቶ በፉኩዬ ደሴት ያለው የዶዛኪ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም መነሻ ይሆናል። በ2018 በዩኔስኮ መዝገብ የገቡትን 12 ቦታዎች ዝርዝርም ይያዙ፤ ጥቅሙ የሰዎቹ ትዝታ ከየትኛው የማብራሪያ ሰሌዳ እንደተቀዳ ለማወቅ ነው። ይህን ቆይተን እንመለስበታለን።

አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር አዘጋጅተው ይሂዱ፦ የመንደሩ የዘመን ሰንጠረዥ፣ የማዕረጎቹ ስም በዚያው መንደር አጠራር፣ እና መልስ ያላገኙላቸው አሥር ያህል ጉዳዮች። ወረቀቱ በኪስ ይኑር እንጂ ፊታቸው ላይ ዘርግተው አያንብቡት።

ወቅቱን ሲመርጡ ባሕሩን ያስቡ። ኢኪትሱኪ ከ1991 ጀምሮ በድልድይ ስለተያያዘ በመኪና ይገባል። ጎቶ ግን በጀልባ ነው፤ ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ባለው የአውሎ ነፋስ ጊዜ፣ በቀዝቃዛውም ወራት (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ሲበረታ ጉዞው ይሰረዛል። ቢያንስ ሁለት ትርፍ ቀን ይያዙ። በኦገስት አጋማሽ የሚውለው ኦቦን የሙታን መታሰቢያ ስለሆነ ልጆች ከየከተማው ይመለሳሉ፤ ቤቱ ስለሚሞላ ለቃለ መጠይቅ አይመችም፣ የቤተሰቡን የዘር ሐረግ ለመሙላት ግን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

3. አስተዋዋቂ ሳይኖር በር አይንኳኳም

በእነዚህ መንደሮች ያለ አስተዋዋቂ በር ማንኳኳት ሥራውን ከጅምሩ ያበላሸዋል። መንገዱ ሦስት ነው፦ የቤተ መዘክሩ ባለሙያ፣ የከተማው የትምህርት ቦርድ የባህል ክፍል፣ ወይም ለካቶሊክ ቤተሰቦች የአጥቢያው ካህን። አንዱን ይምረጡ። በካህኑ በኩል ገብተው ወደ ካቶሊክ ያልተመለሱ ቤተሰቦችን ቢጠይቁ፣ ካህኑ የላከው ሰው ነው ብለው አፋቸውን ሊይዙ ይችላሉ።

መጀመሪያ ደብዳቤ በጃፓንኛ ይላኩ፦ ማን እንደሆኑ፣ ማን እንዳስተዋወቀዎ፣ ምን እንደሚጠይቁ፣ ቀረጻው የት እንደሚቀመጥ። ከዚያ ስልክ። የመጀመሪያው ጉብኝት መቅጃ የለበትም፤ ግማሽ ሰዓት ሻይ ጠጥቶ መመለስ ነው። እጅ መንሻው ከ2,000 እስከ 3,000 የን የሚያወጣ፣ በወግ የተጠቀለለ ጣፋጭ ይሁን፤ ከዚያ የበለጠ ውለታ ስለሚሆን ያሳቅቃቸዋል። ቡና ከወሰዱ የተፈጨ ይሁን፣ መፍጫ በየቤቱ የለም። ጥሬ ገንዘብ አይስጡ።

ጫማ በበሩ ይወልቃል፤ ንጹሕ ካልሲ ያድርጉ። በብዙ ቤት የቡድሃ መሠዊያም የሺንቶ (የጃፓን ነባር ሃይማኖት) መደርደሪያም አብረው ይታያሉ፤ «ታዲያ የትኛውን ነው የምታምኑት?» ብሎ መጠየቅ ጨዋታውን ይዘጋዋል። ለእነሱ ሁሉም የአባቶች አደራ ነው።

4. ፈቃድ አንዴ ተወስዶ የሚያበቃ አይደለም

ሾዳኩሾ የሚባለውን የስምምነት ቅጽ በጃፓንኛ በትልልቅ ፊደል ያዘጋጁ፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ፈቃዱን በአራት ከፍለው ይጠይቁ፦ ድምፅ መቅዳት፣ ፎቶ ማንሣት፣ ስም መጥቀስ፣ ለሕዝብ መልቀቅ። ድምፁን ፈቅደው ስሙን የሚከለክሉ ብዙ ናቸው። ከቀረጻው በኋላ ደግመው ይጠይቁ፤ ሰው ምን እንደተናገረ የሚያውቀው ከተናገረ በኋላ ነውና።

የማኅበሩ ዕቃ የአንድ ቤተሰብ ንብረት አይደለም። ኦያጂያኩው ጎዘንሳማውን ሊያሳይዎ ቢፈቅድ እንኳ ፎቶው የቡድኑን ስምምነት ይፈልጋል። የቤቱን ቦታ የሚያሳይ የጂፒኤስ መረጃ ከፎቶው ፋይል ውስጥ ያጥፉ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ሌባም ነጋዴም ይፈልገዋል። የጥምቀቱ ውኃ የሚቀዳባት ናካዬኖሺማ የተቀደሰች ደሴት ናት፤ ጎብኚ አይወጣባትም፣ ከሩቅ ታይታ ትታለፋለች። ሰው የለቀቃት ኖዛኪ ደግሞ ከኦጂካ ደሴት በትንሽ ጀልባ ነው የምትደረሰው፤ አስቀድሞ ማሳወቅ ግድ ነው። አብያተ ክርስቲያናቱንም ለማየት ቀድሞ ማስታወቅ ያስፈልጋል።

5. መቅጃው

ከ48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ያልታመቀ ዌቭ ፋይል አይውረዱ። በስቴሪዮ 1 ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል፣ በሞኖ ግማሹን። አንድ የደረት ማይክ ለተናጋሪው፣ ሁለተኛው ለአስተርጓሚው ይሁን። ድምፁ ሲጎላ ከ−12 ዴሲቤል አካባቢ እንዳያልፍ ያስተካክሉ፤ የስልክ መቅጃም በጎን ይሂድ፣ ዋናው ቢከዳ ይታደግዎታል።

ችግሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። ዝቅተኛው የጃፓን ጠረጴዛ ከበሮ ነው፤ የሻይ ስኒ በተቀመጠ ቁጥር «ዷ» የሚል ድምፅ ቃሉን ይውጠዋል። መቅጃውን በአራት የታጠፈ ፎጣ ላይ ያኑሩት፤ ስኒዎቹን ለየብቻ ትሪ ላይ። ማቀዝቀዣውን አስፈቅደው ይንቀሉ፤ ሲወጡ መልሰው መሰካት እንዳይረሱ የመኪናዎን ቁልፍ ማቀዝቀዣው ላይ ይተዉት። በሞቃቱ ወራት ሲካዳ የሚባለው ነፍሳት ጩኸት በወረቀት በር ውስጥ ያልፋልና ቀረጻውን እሱ ዝም በሚልበት ሰዓት ያድርጉት፤ ያን ሰዓት የዓሣ ጀልባ ሞተር ቢኖርም ከሁለቱ ሞተሩ ይሻላል፣ አልፎ ይሄዳል።

የጃፓን ኤሌክትሪክ 100 ቮልት ነው፤ በምዕራቡ ክፍል ድግግሞሹ 60 ኸርዝ ነው። ባትሪ መሙያዎ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል መሆኑን ያረጋግጡ። ኋላ የኤሌክትሪክ ጉርምርምታ በማጣሪያ ሲያወጡም እንደለመዱት 50 ላይ ሳይሆን 60 ላይ ይቁረጡ።

6. ጥያቄው

አንዱ ቀረጻ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ከዚያ በላይ ሽማግሌው ለእርስዎ ሲሉ ይቀመጣሉ እንጂ አይናገሩም። ቀረጻውን ቀኑን፣ ቦታውንና የተገኙትን ሰዎች በመናገር ይጀምሩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ሃይማኖት አይሁን። ስለ ቤቱ ይጠይቁ፦ የልጅነት ቤታቸው ክፍሎች እንዴት ነበሩ? ወረቀትና እርሳስ ሰጥተው ያስሉ። ሥዕሉ ላይ ናንዶው ራሱ ይመጣል፤ «እዚህ ልጅ አይገባም ነበር» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ በር የተከፈተ ነው። ስለ ምግብ ይቀጥሉ፦ በበዓሉ የቀረበው ሳኬ (የሩዝ መጠጥ) እና ጥሬ ዓሣ ከየት መጣ፣ ማን አዘጋጀ፣ ሴቶቹ የት ተቀመጡ? የሴቶቹ ነገር ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ማዕረጉ የወንዶች ስለነበር ወንዶቹ ብቻ ይጠየቃሉ። የበዓሉን ዝግጅት፣ የትኛው ቀን መስፋት እንደማይፈቀድ፣ ልጅ ሲጠመቅ ማን ታቅፎ እንደሄደ የሚያውቁት ግን እናቶች ናቸው። ባልና ሚስት አብረው ሲቀመጡ ባል ስለሚናገር፣ ሴቷን ለብቻ የሚጠይቁበት ሁለተኛ ቀን ይያዙ።

በጎቶና በሶቶሜ ቀብሩን ይጠይቁ። የቡድሃው መነኩሴ ሱትራውን (የቡድሃ ቅዱስ ጽሑፍ) ሲያነብ በሌላ ክፍል የራሳቸውን ጸሎት ደግመው ንባቡን የሚሽሩበት ልማድ፣ ክዮኬሺ፣ ነበር። ማን ነበር የሚደግመው? መነኩሴው ያውቅ ነበር? መልሱ ከመንደር መንደር ይለያያል።

እንዲህ ያለ ጥያቄ አይጠይቁ፦ «ቤተሰብዎ ብዙ ተሠቃይቷል፣ አይደለም?» መልሱ «አዎ» ነው፤ የሚከተለውም የሙዚየም ሰሌዳ ነው። በ2018 ከዩኔስኮ ምዝገባ ወዲህ ይህ ችግር በርትቷል። ለምሳሌ በሂሳካ ደሴት በ1868 ወደ 200 ሰዎች 20 ካሬ ሜትር በማትሞላ ቤት ለ8 ወር ታጉረው 39ኙ እዚያው ሞተዋል። ታሪኩ እውነት ነው፣ ሰሌዳውም ይናገረዋል። ሽማግሌው ሲነግሩዎ ግን «ይህን ከማን ሰሙት? ስንት ዓመትዎ ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ከአያታቸው ከሆነ ወርቅ ነው፤ ከመጽሐፍ ከሆነም ይመዝገብ፣ በግልባጩ ላይ ምንጩ «ንባብ» ተብሎ ይጻፍ።

አንዱ ከባድ ጥያቄ መበተኑ ነው። በኢኪትሱኪ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወዲህ ብዙ ማኅበራት ተበትነዋል፤ ወጣቱ ወደ ከተማ ሄደ፣ ማዕረግ የሚረከብ ጠፋ። «ለምን ተዋችሁት?» ካሉ ወቀሳ ይመስላል። ይልቅ እንዲህ ይበሉ፦ «የመጨረሻው ስብሰባ በየትኛው ቤት ነበር? ከዚያ በኋላ ዕቃውን ማን ይዞ ሄደ?» ያኔ ምክንያቱን ራሳቸው ይነግሩዎታል። ዝም ካሉ ዝም ይበሉ። ዝምታው ለአስተርጓሚውም ስለሚከብደው ቀድመው ያስጠንቅቁት።

7. ኦራሾ ሲቀዳ

ይህ ለብቻው የሚያዝ ቀጠሮ ነው፤ ከጥያቄ ጋር አይቀላቀልም። ኦራሾ የላቲን፣ የፖርቱጋልኛና የጃፓንኛ ቃል በአንድ ላይ የተሰፋበት፣ በቃል ከአባት ለልጅ የወረደ ጸሎት ነው። ደጋሚው የላቲኑን ፍቺ ላያውቅ ይችላል፤ ግዕዝ ሳይሰማ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ለሚደግም ሰው ይህ እንግዳ አይደለም። ስለዚህ «ትርጉሙ ምንድን ነው?» ብለው አያስጨንቁ፤ «ከማን ተማሩት፣ ስንት ጊዜ ፈጀብዎ?» ይበቃል።

ድግሙ ዝቅ ባለ ድምፅ በጣም ፈጥኖ ይሄዳል፣ ቃል ከቃል ይያያዛል። አያቋርጡ። በቃል የተያዘ ነገር መሃል ላይ ከተቆረጠ ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው መነሣት አለበት፤ «ያችን ብቻ ይድገሙልኝ» የሚል ልመናም ለዚሁ አይሠራም። ማይኩን ከአፍ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው በማቆሚያ ያቁሙ፤ በጉልበታቸው ተቀምጠው ሲያጎነብሱ የደረት ማይክ በኪሞኖው ይሸፈናል።

በኢኪትሱኪ ያማዳ መንደር የሚዜሙ ኦራሾዎች አሉ፦ ራኦዳቴ፣ ናጆ፣ ጉሩሪዮዛ። ናጆ የስምዖን ጸሎት ነው፣ «አሁን ባሪያህን ታሰናብተዋለህ» የሚለው፤ ጉሩሪዮዛ ከማርያም መዝሙር የወጣ ነው። እዚህ የሚሳሳቱት ብዙ ናቸው፦ ግልባጩን ወደ ላቲኑ ያስተካክሉታል። አታስተካክሉ። ደጋሚው ያለው «ጉሩሪዮዛ» ከሆነ የሚጻፈው እሱ ነው፤ የላቲኑ በጎን ዓምድ ይግባ። ለውጡ ራሱ የ400 ዓመት ማስረጃ ነው።

8. ግልባጭና ዘመን

ለ1 ሰዓት ቀረጻ ከ8 እስከ 10 ሰዓት የግልባጭ ሥራ ይያዙ፤ የደሴት ዘዬ ሲሆን ይጨምራል። በአራት ዓምድ ይሥሩ፦ ሰዓት ምልክት፣ እንደተነገረ በካና (የጃፓን የድምፅ ፊደል)፣ መደበኛ ጃፓንኛ፣ አማርኛ። ሁለተኛውን ዓምድ የዚያው ደሴት ተወላጅ ያንብበው፤ ከቶኪዮ የመጣ አስተርጓሚ የጎቶን ዘዬ ሳያውቀው አቃንቶ ይጽፈዋል። በአማርኛው ዓምድ ሽማግሌዎችን በአንቱታ ይተርጉሙ፤ «አባቴ መጣ» ያሉትን ግን እንዳሉት ይተዉ።

ሽማግሌዎች ዓመት የሚቆጥሩት በንጉሠ ነገሥት ዘመን ነው። ለሜይጂ 1867፣ ለታይሾ 1911፣ ለሾዋ 1925፣ ለሄይሴይ 1988 ይደምሩ፤ ሾዋ 20 ማለት 1945 ነው። ዕድሜ በድሮው ቆጠራ ከተነገረ ሲወለድ አንድ ብሎ ስለሚጀምር አንድ ወይም ሁለት ዓመት ይበልጣል። በዓላትም በጨረቃ አቆጣጠር ሊነገሩ ይችላሉ። ለእኛ ደግሞ ሦስተኛ ወጥመድ አለ፦ በማስታወሻዎ ላይ ዓ.ም. ብለው ብቻ አይጻፉ፣ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይታወቅ፤ የፋይሉንም ሰዓት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይሰይሙ። «ጠዋት 3 ሰዓት» ለጃፓናዊው ባለሙያ ሌሊት ነው።

9. ማስቀመጥና መመለስ

በዚያው ማታ ፋይሉን በሁለት የተለያየ ዲስክ ይገልብጡ፤ ሦስተኛው ቅጂ ከደሴቱ ውጭ ይቀመጥ። የመጀመሪያው ተመላሽ የሚሆነው ለቤተሰቡ ነው፦ የታተመ ግልባጭ በትልልቅ ፊደል፣ ድምፁም በሲዲ፤ ዩኤስቢ የሚከፍት መሣሪያ የሌላቸው ሽማግሌዎች ብዙ ናቸው። እርማት እንዲያደርጉ አንድ ወር ይስጧቸው። እንዲወጣ የጠየቁት ይወጣል፣ ምክንያት አይጠየቅም።

ለቤተ መዘክር ሲያስረክቡ በሦስት ደረጃ ይለዩ፦ ለሁሉም ክፍት፣ በቦታው ብቻ የሚደመጥ፣ እስከ ተወሰነ ዓመት የተዘጋ። በመንደር መካከል የነበረ ጠብ፣ የጋብቻ ክልከላ፣ በሕይወት ያለ ሰው ስም ያለበት ሁሉ ሦስተኛው ውስጥ ይግባ። ተናጋሪው ካረፉ መብቱ ወደ ወራሹ ይሄዳል፤ ስለዚህ የአንዱን ልጅ አድራሻ አስቀድመው በቅጹ ላይ ያስሞሉ፣ በየሁለት ዓመቱም የሰላምታ ካርድ ይላኩ፣ አድራሻው መለወጡን የሚያውቁት በዚያ ነው።